የሰባት ቀን ምላጭ

ሰይፈሚካኤል ስልኩን ለጎረቤቱ ለሩዋይዳ ያስረከበ ዕለት ጸጉር ቤቱ ውስጥ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ሳቁበት። እሱ ግን አልሳቀም። ስልኩን በሁለት እጁ እንደ ስለት ዕቃ ዘርግቶ፣ «ውሰጂው» አላት። «ሐራጁ እስኪዘጋ አትመልሺልኝ። ብለምንሽም አትስጪኝ፣ ብቆጣሽም አትስጪኝ።»

«ብታለቅስስ?» አለች ሩዋይዳ።

«ካለቀስኩማ ጭራሽ አትስጪኝ!»

ትልቅ ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ስሙ የተጠራ ጸጉር አስተካካይ፣ የገዛ ስልኩን እስከመፍራት የደረሰው በምላጭ ምክንያት ነው።

ሰይፈሚካኤል ዕድሜውን በሙሉ የሠራው እንደማንኛውም የሐዋሳ ጸጉር ቤት በቶንዶስ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች ባንዱ ያረፉ አንድ ሽማግሌ እንግዳ መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና፣ ከቦርሳቸው ታጣፊ ምላጭ አውጥተው «በዚህ ትላጨኛለህ?» አሉት። ሙያውን ያስተማረው ሰው ይሠራ የነበረው እንዲህ ባለ ምላጭ ስለነበር እጁ አልረሳውም። ሳሙናውን በብሩሽ አረፋ አደረገ፤ ትኩሱን ፎጣ ከፊታቸው ላይ አነሣ፤ ምላጩን ጉንጫቸው ላይ ሲያሳርፈው ያ ድምፅ መጣ። ሽርርር የሚል፣ ሰው ጆሮ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ድምፅ። ተራ ጠባቂዎቹ ወሬያቸውን አቋርጠው አዩት። ሽማግሌው ተነሥተው ጉንጫቸውን ዳበሱና «እንደ ሕፃን አደረግኸኝ!» ብለው ሳቁ። ምላጫቸውን ጠቅልለው ሄዱ። የሰይፈሚካኤል ልብ ግን ተከትሏቸው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረውም። «በአንድ ምላጭ ሁሉንም መላጨት በዚህ ዘመን አይሆንም፣ በሽታ አለ» ይላል፣ የደንበኛውን አንገት እየጠረገ። «ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱ ምላጭ ቢኖረውስ? እዚሁ የሚሳል፣ እዚሁ የሚጸዳ፣ ስሙ ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ የሚጠብቀው? በመላው ሐዋሳ እንዲህ ያለ ጸጉር ቤት አለ?»

«የለም» ይላሉ ጋሽ በርናባስ። ጋሽ በርናባስ ከግብርና ቢሮ ጡረታ የወጡ የሲዳማ ሰው ናቸው፤ ጺማቸው እንደ ሽቦ ነው፤ ጠዋት ተላጭተው ማታ ይበቅላል። «እኔ የመጀመሪያው ደንበኛህ ነኝ። ምላጩን ብቻ አምጣ።»

ችግሩ ምላጩን ማምጣቱ ላይ ነበር። እንደዚያ ያለ ብረት አሁን ሱቅ ውስጥ አይገኝም። የሚገኘው ቴሌግራም ላይ፣ «የትናንት ዕቃ» በሚባል ቻናል ነው። ሻጩ ፎቶ ይለጥፋል፤ ገዢዎች ከሥሩ ዋጋ ይጽፋሉ፤ እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን የቻናሉ ኃላፊ «ተዘጋ» ብሎ ይጽፋል፤ የመጨረሻውን ከፍተኛ ዋጋ የጻፈ ሰው ዕቃውን ይወስዳል። ሰይፈሚካኤል ይህን ቻናል ያገኘ ቀን የቀንድ እጀታ ያላት አንዲት ምላጭ አየና ወዲያው ዋጋ ጻፈ። አንዱ ጨመረበት። እሱም ጨመረ። ሌላው ደገመ። «ማን ነው እሱ ደግሞ!» እያለ፣ የሰው ጸጉር በግማሽ ትቶ፣ በአውራ ጣቱ ስልኩን እየደበደበ ሄደ፣ ሄደ፣ አሸነፈም። ምላጯ ስትመጣ ስለቷ መሃል ለመሃል ተሸርፏል። ፎቶዋ የተነሣው ታጥፋ ነበር፤ ከፍታችሁ አሳዩኝ ብሎ አልጠየቀም። ባለቤቱ እህተማርያም ምላጯንም አየች፣ የተከፈለባትንም ሰማች፤ ከዚያ ምንም ሳትናገር የልጆቹን ልብስ ማጠፏን ቀጠለች። ከቁጣዋ ይልቅ ዝምታዋ ገደለው።

ይህን ጊዜ ነው ሩዋይዳ የገባችው። የሩዋይዳ ሱቅ ከጸጉር ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ሽቶ፣ ሳሙና፣ የጸጉር ቅባት ትሸጣለች። አባቷ በዘመናቸው የታወቁ የሐራጅ ሰው ነበሩ፤ ጉምሩክ የወረሰውን ዕቃ በጨረታ እየገዙ ነው ቤተሰባቸውን ያሳደጉት። እሷም ከእሳቸው የወረሰችው ሱቁን ብቻ አልነበረም። የተሸረፈችውን ምላጭ ተቀብላ ወደ ብርሃን አወጣቻትና፣ እጀታዋን አየት አድርጋ፣ «ቀንድ ነው አይደል?» አለችው።

«ቀንድ ነው።»

«ችኩል ጅብ ነዋ የነከሰው!»

ጋሽ በርናባስ ወንበሩ ላይ እንዳሉ እስኪያስላቸው ሳቁ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚለው ተረት እንዲህ ልክ የገባበትን ቀን አይተው አያውቁም። ሰይፈሚካኤልም መጨረሻ ላይ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ግን፣ «እሺ አስተምሪኝ» አላት።

«አንተን ማስተማር አይቻልም» አለች ሩዋይዳ። «ደምህ ሙቅ ነው። ዕቃውን አንተ ምረጥ፣ ሐራጁን ለእኔ ተው። አባቴ ምን ይሉ ነበር መሰለህ? ዕቃውን ሳታየው ዋጋ አትጥራ፤ ዋጋ ሳትጠራ ጣሪያህን ወስን፤ ጣሪያህ ላይ ከደረስክ ደግሞ ዕቃው ወርቅ ቢሆንም ኮፍያህን አንሥተህ ውጣ።»

ስልኩን ያስረከባት ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና አንዲት እንደ መስታወት የምታበራ ምላጭ ነበረች። ሰይፈሚካኤል ፎቶዋን ሲያይ ምራቁን ዋጠ። ሩዋይዳ አንድ ጊዜ ዋጋ ጻፈች፤ ወዲያው ‹ንስር› የሚል ስም ያለው ሰው ጨመረ። ሁለተኛ ጻፈች፤ ንስር አሁንም ሳያመነታ ጨመረ። ሩዋይዳ ዋጋ መጻፏን ትታ የቻናሉን የቆየ ገጽ ወደ ላይ መግለጥ ጀመረች።

«ሩዋ፣ ጊዜው እያለቀ ነው!» አለ ሰይፈሚካኤል በሯ ላይ ቆሞ፤ በአንድ እጁ መቀስ ይዟል።

«ቆይ።»

«ትንሽ ብቻ ጨምሪ! ስሙኝ እባካችሁ፣ ትንሽ ብትጨምር ምን ትሆናለች?»

«ና እየው» አለችው። «ይኼ ንስር የሚባል ሰው የሚጫረተው በዚህ ሻጭ ዕቃ ላይ ብቻ ነው። በሌላ ሰው ዕቃ ላይ አንድም ቀን ዋጋ ጠርቶ አያውቅም። ባለፈው ወር ሰዓት አሸነፈ፤ ሰዓቱ በሳምንቱ ‹ገዢው ስላልቀረበ› ተብሎ ተመልሶ ወጣ። ይኼ ገዢ አይደለም፣ ሰይፌ። ዋጋው እንዲሰቀል እሳት ሥር ማገዶ የሚጨምር የሻጩ ሰው ነው።» ይህን ብላ ስልኩን የሳሙና ካርቶን ውስጥ ከተተችውና ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች።

ሰይፈሚካኤል ለሦስት ቀን አኮረፋት። ሰላም ይላታል፣ ግን በአንገቱ ነው። በአራተኛው ቀን ያቺ ምላጭ «ገዢው ስላልቀረበ» ተብሎ ዳግም ቻናሉ ላይ ወጣች። እየሮጠ መጣና፣ ሱቋ መሃል ቆሞ፣ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቀረ። ከዚያ አንድ ጠርሙስ ሽቶ ገዛ። ሽቶውን ለእህተማርያም ወሰደላት፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ምላጭ ጠየቀችው።

ትልቁ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ያለች ሃሴት የምትባል ሴት የአያቷን ቤት እያጸዳች የቆዩ ዕቃዎችን ፎቶ አንሥታ ለጠፈች፤ የከሰል ካውያ፣ ፋኖስ፣ የተጎዳ ራዲዮ፣ ትልልቅ ድስቶች። ማንም ልብ ብሎ ያየው አልነበረም። ሰይፈሚካኤል ግን ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋው፣ ደግሞ አሰፋው፣ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ከካውያው ኋላ፣ የፎቶው ጠርዝ ላይ፣ ጠባብና ረዘም ያለ የእንጨት ሳጥን ነበር። ማዕዘኑ በነሐስ የታሰረ።

«ሩዋ» አለ በሹክሹክታ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። «ይኼ ሳጥን ... ያስተማረኝ ሰው ይነግረኝ ነበር። ሰባት ምላጭ ነው የሚይዘው። ለሰኞ አንድ፣ ለማክሰኞ አንድ፤ የሳምንቱ ቀን ሁሉ የራሱ ምላጭ አለው። አንዱ ሲሠራ ሌላው ያርፋል፤ ብረት ካረፈ ስለቱ ይቆያል ይላሉ። ሰባት ምላጭ! ሰባት ደንበኛ!»

«ፊትህን አስተካክል» አለችው።

«በስልክ ፊቴን ማን ያየዋል?»

«እኔ አየዋለሁ። አንተን ሳይ እኔም እሞቃለሁ። ሂድ ሥራህን ሥራ።»

ሩዋይዳ አንዲት ቃል አልጻፈችም። ስለ ሳጥኑ የጠየቀ ሰው የለም፤ እንግዲህ ሰው እንዲያየው ለምን ትጠቁማለች? አንድ ቀን ሙሉ በዝምታ አለፈ፤ ሰይፈሚካኤል ደስታው ሊፈነዳ ደርሶ ለሚላጨው ሰው ሁሉ ያለ ምክንያት ፈገግ ይላል። በማግስቱ ግን ‹ኩማ› የሚል ስም ያለው ሰው ከፎቶው ሥር «ሳጥኑ ተከፍቶ ይታይ» ብሎ ጻፈ።

ሰይፈሚካኤል ይህን ሲያነብ የሚያስተካክለው ደንበኛ ጆሮ ለጥቂት ተረፈ።

ሃሴት ከፍታ አሳየች። የደበዘዘ ቀይ ከፋይ ጨርቅ ላይ ሰባት ታጣፊ ምላጮች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ እጀታቸው ጥቁር፣ ጀርባቸው ላይ የቀኖቹ ስም በጣሊያንኛ ተቀርጿል። ከፎቶው ሥር ያለው ቦታ በአንድ ጊዜ ገበያ ሆነ። ሃሴትም ብልህ ሴት ናት፤ ነገሩ ሲገባት ሳጥኑን ከድስቶቹ ለይታ ለብቻው ሐራጅ አወጣችው።

«አለቀልን!» አለ ሰይፈሚካኤል።

«እንዲያውም አሁን ተጀመረ» አለች ሩዋይዳ። «ሌባ መስለን ከመግዛት ሁሉም እያየ መግዛት ይሻላል። አሁን ጥያቄ እንጠይቅ።» ለሃሴት ጻፈችላት፤ እያንዳንዱ ምላጭ ተከፍቶ፣ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ በሁለቱም ጎኑ ይታይ። መታጠፊያው ላይ ያለው ሚስማር ይላወሳል ወይ? ስለቱ ላይ ጥፍር ሲሄድ የሚይዘው ነገር አለ? ሃሴት ሳትሰለች ሁሉንም አንሥታ ላከች። ሰይፈሚካኤል ፎቶዎቹን አንድ በአንድ መረመረ፤ ሁለቱ ላይ ላይ ዝገት ነካ አድርጓቸዋል፣ በሞረድና በዘይት የሚለቅ ነው፤ አንዱ እጀታ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለ። ሰባቱም ስለቶች ግን ሙሉ ናቸው።

ጣሪያውን የወሰነችው እህተማርያም ናት። ማታ ሦስቱ ጸጉር ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ተነጋገሩና፣ «ሃያ ሺህ» አለች። «ምላጭ የሚይዙት የሰባት ሰዎች የወር ክፍያ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ከሃያ ሺህ አንድ ብር ካለፈ ግን ምላጮችህን አቅፈህ እዚሁ ወንበር ላይ ታድራታለህ።»

«ገብቶኛል» አለ ሰይፈሚካኤል።

«አንተን አይደለም» አለች እህተማርያም፣ ወደ ሩዋይዳ ዞራ። «አንቺን አምኜ ነው።»

«በእኔ ይሁንብሽ» አለች ሩዋይዳ።

እሑድ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት፣ ከጸሎት ቤት የወጡት፣ ወሬውን ሰምተው የመጡትም ጸጉር ቤቱን ሞሉት። ጋሽ በርናባስ ለመላጨት ብለው ወንበሩ ላይ ወጥተዋል፤ አንዱ ጉንጫቸው ተላጭቷል፣ አንዱ አረፋ ነው፤ ሰይፈሚካኤል ግን ከሰዓቱ ላይ ዐይኑን ማንሣት አቅቶት እጁ ቆሟል። ሩዋይዳ ሱቋን ዘግታ መጥታ በሩ አጠገብ፣ ኔትወርክ ይሻላል የተባለበት ቦታ ላይ፣ በርጩማ ስባ ተቀምጣለች። እስካሁን አንድም ዋጋ አልጠራችም። ሌሎቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲገፋፉ ከርመው ዋጋው አሥራ አንድ ሺህ ላይ ቆሟል።

«አሁን ጻፊ» አለ ሰይፈሚካኤል።

«ገና ነው። ቀድሞ የጮኸ ለሌላው ያስተምራል።»

«ኧረ ጊዜው ሄደ!»

«ጋሽ በርናባስን ላጫቸው፣ አረፋቸው ደረቀ።»

«እኔን ተዉኝ» አሉ ጋሽ በርናባስ። «እንዲህ ዓይነት ነገር በአረፋም ቢሆን ይታያል።»

ልክ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ሩዋይዳ አንገቷን ቀና አደረገችና አሥራ አራት ሺህ ጻፈች። ሦስት አራት ተጫራቾች ወዲያው ጠፉ። ኩማ ግን አልጠፋም፤ አሥራ አምስት አለ። አሥራ ስድስት አለች። አሥራ ሰባት አለ። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ቁጥሩ በመጣ ቁጥር አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው «እሰይ!» ይላል፣ መንገደኛ ቆሞ «ኳስ ነው እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ገባ።

«ንስር የሚሉት ሰውዬ እንዳይሆን» አለ ሰይፈሚካኤል።

«አይደለም። አይቼዋለሁ፤ ከብዙ ሻጭ ገዝቷል፣ ከፍሏልም። ይኼ የእውነት ሰው ነው» አለች ሩዋይዳ፣ ዐይኗ ከስልኩ ሳይነቀል። ድምጿ ተለውጧል። ሻሿ ከአናቷ ሸርተት ብሎ አልመለሰችውም።

አሥራ ስምንት ብላ ጻፈች። ከዚያ ስልኩ ላይ ያቺ ትንሽ ክብ መዞር ጀመረች። ኔትወርኩ ሄደ።

«ወይኔ!» አለ የጸጉር ቤቱ ሰው በአንድ ድምፅ። ሩዋይዳ ተፈናጥራ ወደ አስፋልቱ ወጣች፤ ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጋ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ሰይፈሚካኤል ተራውን መላጫ እንደያዘ ተከተላት፤ ጋሽ በርናባስ በግማሽ ጺም፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ እንደታሰረ፣ በሲዳምኛ አንድ ነገር እያጉረመረሙ ተከተሉት። ክቧ ቆመች፤ አሥራ ስምንቱ ተላከ። ኩማ ወዲያው አሥራ ዘጠኝ አለ። ሩዋይዳ ሃያ ጻፈች።

ጣሪያው ነው። ከዚህ በላይ ሰማይ ነው።

ኩማ ሃያ ሺህ አምስት መቶ ብሎ ጻፈ።

ሰይፈሚካኤል ያን ቁጥር አየው። ግን የሚገርም ነገር፣ እንደ ድሮው ደሙ አልፈላም። የሩዋይዳ አባት ኮፍያቸውን አንሥተው ሲወጡ በሐሳቡ ታየው። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና፣ «በቃ» አለ። «ደርሰን ነበር። ይቅናው። ነይ እንግባ።»

እሱ ወደ በሩ ዞረ፤ እሷ ግን አልተከተለችውም።

«ሩዋ?»

ሩዋይዳ ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ጉንጯ ቀልቶ ቆማለች። ያቺ የተረጋጋች ነጋዴ ጠፍታለች።

«ሩዋይዳ! ጣሪያው አልቋል እኮ! ተይው!»

«ይኼ ሰውዬ ማን ነው?» አለች። «ማን ስለሆነ ነው እሱ?»

«ሩዋ፣ ስልኩን ስጪኝ!»

«ብለምንሽም አትስጪኝ ብለህ የለ!» ብላ ጀርባዋን ሰጠችውና፣ ሃያ አንድ ሺህ ብላ ላከች።

አስፋልቱ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አንገቱን አሰገገ። ከኩማ አዲስ ቁጥር አልመጣም። ከዚያ ከታች፣ በትልቅ ጽሑፍ፣ «ተዘጋ» የሚል ቃል መጣ።

ጩኸቱ ከፒያሳ አልፎ ሄደ። የባጃጁ ሹፌር ሮጦ ጥሩንባውን ነፋ፤ ጋሽ በርናባስ ሰይፈሚካኤልን ሲያቅፉት አረፋው ሸሚዙ ላይ ቀረ። ሩዋይዳ ግን መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ምን ነካኝ?» ትላለች። «ያ ረቢ፣ ምን ነካኝ? ለእህተማርያም ምን እላታለሁ?»

ሰይፈሚካኤል አጠገቧ ተቀምጦ፣ ዕንባው እስኪመጣ እየሳቀ፣ «አይዞሽ» አላት። «እኔን ያየ ይሞቃል ብለሽ የለ!»

ከጣሪያው ያለፈውን አንድ ሺህ ብር ሩዋይዳ ከራሷ አወጣች፤ እምቢ ቢላትም አልሰማችም። እህተማርያም ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ዐይኗን አፈጠጠች፤ ከዚያ ሩዋይዳን አንገቷን ደፍታ ስታያት ሳቋ አመለጣት፤ «እኔስ ባሌ ብቻ ነበር የሚመስለኝ!» አለች።

ሳጥኑ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። ሰይፈሚካኤል ከመናኸሪያ ድረስ እንደ ሕፃን አቅፎ አመጣው። ሲከፈት የዘይትና የአሮጌ እንጨት ሽታ ቤቱን ሞላው። ምላጮቹን አንድ በአንድ አነሣ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ስድስቱ ብዙ ከመሳላቸው የተነሣ ስለታቸው ጠበብ ብሏል፤ የእሑዱ ግን ሰፊ፣ ያልተነካ ነበር። የድሮው ባለቤት እሑድ እሑድ ጺሙን ተላጭቶ አያውቅም ማለት ነው። ሰይፈሚካኤል ሳምንቱን ሙሉ ብረቱን በሞረድ፣ ከዚያም በቆዳ ሲስል ከረመ፤ ክንዱ ላይ ያለውን ጸጉር እየላጨ እየሞከረ አንድ ክንዱ ባዶ ቀረ። ጋሽ በርናባስ የሐሙሱን መረጡ። ሌሎቹም ወዲያው ባለቤት አገኙ፤ የእሑዱ ብቻ ቀረ።

አንድ ጠዋት፣ ጋሽ በርናባስ እየተላጩ ሳሉ፣ አንድ ወጣት በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ። ጺም የሚባል ነገር የለውም፤ አገጩ ላይ አምስት ስድስት ጸጉር ብቻ ተበትኗል። እጁ ላይ የሙጫና የእንጨት ብናኝ አለ።

«የሰባት ቀን ምላጩን የገዛችሁት እናንተ ናችሁ?» አለ። «ሃሴት ናት አድራሻችሁን የሰጠችኝ። ከሻሸመኔ ነው የመጣሁት። ኩማ እባላለሁ።»

ሰይፈሚካኤል ምላጩን ከጋሽ በርናባስ ጉንጭ ላይ አነሣና በግድግዳው በኩል ተጣራ። «ሩዋይዳ! ሩዋይዳ ነይ! ጠላትሽ መጥቷል!»

ሩዋይዳ ሮጣ መጣች። ወጣቱን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ አገጩን ሁለት ጊዜ አየችው። «ለዚህ ጺም ነው ያን ሁሉ ያስለፋኸኝ?»

ኩማ አፈረና ሳቀ። «ምላጩን አልፈለግሁትም እኮ» አለ።

«ምን?»

«እኔ የእንጨት ሠራተኛ ነኝ። የፈለግሁት ሳጥኑን ነው። ማዕዘኑ የተገጠመበትን መንገድ አይታችሁታል? አንድ ሚስማር የለውም። እንደሱ የተሠራ በእጄ ይዤ አላውቅም። ምላጮቹንማ ካሸነፍኩ በኋላ ሊገዛኝ የሚችል ሰው ፈልጌ ልሸጣቸው ነበር። ወሰኔ ሃያ ሺህ አምስት መቶ ነበር፤ እዚያ ላይ ስደርስ ተውኩት።»

ጋሽ በርናባስ ወንበሩ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ሳቃቸውን ለመያዝ ነው።

«ምላጩን አልፈለግህም» አለች ሩዋይዳ ቀስ ብላ። «እኛ ሳጥኑን አልፈለግንም። አንድ ቃል ብንጠያየቅ ኖሮ፣ ገንዘቡን ተካፍለን፣ አንተ ሳጥኑን፣ እኛ ምላጩን፣ በአሥራ ሁለት ሺህ እንወስደው ነበር!»

«እኔም መንገድ ላይ ይህንኑ ሳስብ ነበር» አለ ኩማ። «አሁንስ አትሸጡልኝም? ሳጥኑን ብቻ።»

ሰይፈሚካኤል አፉን ሊከፍት ሲል ሩዋይዳ በእጇ አስቆመችው። ሻሿን አስተካከለች። በርጩማውን ሳበችና ከኩማ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ንዴት ሁሉ ጠፍቶ፣ ድግስ እንደተጠራች ሴት በራ።

«ሳጥኑ የአያት ዕቃ ነው» አለች። «ከፋዩ የጥንት ነው፤ ነሐሱም ሙሉ ነው። ስንት ትላለህ?»

«ሁለት ሺህ።»

«ሁለት ሺህ ለባዶው ቦታ ነው ወይስ ለእንጨቱ?»

«ሦስት። ለሰባቱም ምላጭ ደግሞ የየራሳቸውን ትንሽ ሳጥን ሠርቼ፣ የባለቤቱን ስም ቀርጬ አመጣለሁ።»

የሰይፈሚካኤል ልብ ዘለለ። እየጮኸ «እሺ!» ሊል ነበር፤ ጋሽ በርናባስ ክንዱን ያዝ አደረጉትና፣ «አንተ ዝም ብለህ ላጨኝ» አሉት። እሱም ፊቱን ወደ ጉንጫቸው መልሶ ምላጩን አሳረፈ። ሽርርር አለ። ከኋላው ሩዋይዳ፣ «ሳጥኖቹ ከምን እንጨት?» ስትል ይሰማል፤ ኩማ ሲመልስ፣ እሷ ስታጣጥል፣ እሱ ሲስቅ፣ እሷም በሩ ላይ ለሚያልፈው ሻይ አዟሪ «ሁለት ሻይ!» ብላ ስትጣራ።